የድምፅ መስጫው ወረቀት ጀርባ፦ የስቴት ሕገ መንግሥት በመራጭ ድምፅ የሚለወጠው እንዴት ነው?

አሜሪካ ውስጥ ኔቫዳ ወይም ኮሎራዶ የሚኖር የተመዘገበ መራጭ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ እቤቱ ድረስ በፖስታ ይመጣለታል። የፊተኛው ገጽ አያስቸግርም። ገዥ፣ ሴናተር፣ የምክር ቤት አባል። ስም አለ፣ ከስሙ አጠገብ ፓርቲ አለ፣ ክቡን አጥቁሮ ማለፍ ነው። ወረቀቱ ሲገለበጥ ግን ነገሩ ይቀየራል። ስም የለም። አንድ አንቀጽ የሚያህል ዓረፍተ ነገር ተዘርግቷል። መጨረሻው ላይ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ክቦች ብቻ አሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰለቻል። ባዶውን ትቶት ይልከዋል፤ ወይም ዋትሳፕ ከፍቶ «ኧረ ይቺ ቁጥር 6 ምንድናት?» ይላል።

የጀርባው ገጽ ግን ከፊተኛው ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው። ያልወደዱት ገዥ በአራት ዓመቱ ሊወርድ ይችላል። ኮሎራዶ ውስጥ በ1992 «አዎ» የተባለ አንድ ጥያቄ ግን ዛሬም የነዋሪውን ኪስ ይነካል። ወደ እሱ እንመጣለን። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ጀርባው ላይ ከሚወጡት ጥያቄዎች ከበድ የሚሉት የስቴቱን ሕገ መንግሥት የሚያሻሽሉት ናቸው። እዚህ የምናወራው ስለ እነሱ ነው። የትኛው ይደገፍ፣ የትኛው ይውደቅ የሚለው የመራጩ ፋንታ ነው።

ስቴትም የራሱ ሕገ መንግሥት አለው እንዴ?

አለው። ሃምሳውም አላቸው። ለዜግነት ፈተና የተጠናው የፌዴራሉ ነው። «ሕገ መንግሥቱ ስንት ማሻሻያ አለው?» ሲባል «27» ብሎ ያልመለሰ የለም። ከ27ቱ አንዱም በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ የጸደቀ አይደለም። ኮንግረስ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያቀርባል፣ ከስቴቶቹ ሦስት አራተኛው ያጸድቃል። በጣም ከባድ መንገድ ስለሆነ ነው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተኪዶ ቁጥሩ 27 ላይ የቆመው።

የስቴቶቹ እንዲህ አይደለም። አላባማ በ1901 ያወጣችውን ሕገ መንግሥት ከ900 ጊዜ በላይ አሻሽላዋለች። አብዛኛው ማሻሻያ የአንድ ካውንቲን ብቻ ጉዳይ የሚመለከት ነበር። በሌሎቹም ስቴቶች ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስለ ትምህርት ቤት በጀት፣ ስለ ቤት ግብር፣ ስለ ማሪዋና፣ ስለ ዝቅተኛ ደሞዝ ተጽፎ ይገኛል። ፍሎሪዳ ውስጥ ስለ አሳማም አለ።

ተራ ሕግና ሕገ መንግሥት የሚለዩበትን በእድር ማየት ይቻላል። መዋጮ ያዘገየ ስንት ይቀጣ የሚለውን ኮሚቴው ተቀምጦ ይወስናል። ካልጣመው በሚቀጥለው ወር ይለውጠዋል። መተዳደሪያ ደንቡን ግን ኮሚቴው ብቻውን አይነካም፤ ጠቅላላ ጉባኤ መጠራት አለበት። የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት እንደ ኮሚቴው ነው። ሕገ መንግሥቱ ደንቡ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ደግሞ መራጩ።

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ይህ ትንሽ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 105 መሠረት ማሻሻያ የሚጸድቀው በሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችና በክልል ምክር ቤቶች ድምፅ ነው። ሕዝበ ውሳኔ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን በ2019 የሲዳማ፣ በ2021 ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ነው። ሁለቱም ራሱን የቻለ ክልል ስለመሆን የተደረጉ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ግን የስቴት ሕገ መንግሥት ለመራጭ የሚቀርብበት አጋጣሚ ብርቅ አይደለም። በአንድ ምርጫ አምስት ስድስት ማሻሻያ አንድ ወረቀት ላይ ሊደረደር ይችላል።

ጥያቄውን ወረቀቱ ላይ የሚያስገባው ማነው?

ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው።

አንደኛው ከላይ ወደ ታች የሚመጣው ነው። የስቴቱ ምክር ቤት ማሻሻያውን ያረቅቃል፣ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ከዚያ ለመራጩ ይልከዋል። ሜሪላንድ ውስጥ በሁለቱም ምክር ቤቶች የሦስት አምስተኛ ድምፅ ካገኘ በቂ ነው። ቨርጂኒያ ግን አትቸኩልም። ምክር ቤቱ አንድ ጊዜ ያጸድቀዋል። ከዚያ የታችኛው ምክር ቤት ምርጫ እስኪደረግ ይጠበቃል። አዲስ የተመረጡት ያንኑ ጽሑፍ ቃሉን ሳይለውጡ እንደገና ማጽደቅ አለባቸው። መራጩ ጋ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ2020 የምርጫ ክልል ካርታ ለሚሥል ኮሚሽን «አዎ» የተባለው በዚህ መንገድ አልፎ ነው። ከመራጩ ወደ 66 በመቶ የሚሆነው ደግፎታል።

ምክር ቤቱ ያጸደቀው ማሻሻያ ለመራጭ ሳይቀርብ የሚያልፍባት ስቴት አንድ ብቻ ናት፤ ደላዌር። እዚያ ሁለት ተከታታይ ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካጸደቁት አለቀ።

ሁለተኛው መንገድ ከታች ወደ ላይ ነው። ዜጎች ራሳቸው ማሻሻያ ያረቅቃሉ፣ ፊርማ ያሰባስባሉ፣ ፊርማው ከሞላ ምክር ቤቱ ወደደም ጠላም ጥያቄው ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ይህ በሁሉም ስቴት የለም። ካሊፎርኒያ፣ ኮሎራዶ፣ ኔቫዳ፣ አሪዞና፣ ፍሎሪዳ፣ ኦሃዮና ሚዙሪን የመሳሰሉ ስቴቶች ይፈቅዳሉ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ጆርጂያ፣ ቴክሳስ፣ ሚኒሶታና ዋሽንግተን ስቴት አይፈቅዱም። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ ወይም ሲያትል ውስጥ አንድ ሰው ወረቀት ዘርግቶ «ይፈርሙልኝ» ቢል ነገሩ የስቴቱን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል ሊሆን አይችልም።

ፊርማ ማሰባሰብ ሲባል የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ይመስላል። ብዙውን ጊዜ ግን ተከፍሎት የሚሠራ ሰው ነው። ገበያ ደጃፍ ላይ ሰሌዳ ይዞ የሚቆመው ሰው የአንድ ኩባንያ ተቀጣሪ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩም ቀላል አይደለም። ለ2024 ምርጫ ኔቫዳ ከ102,000 በላይ፣ ፍሎሪዳ ከ891,000 በላይ ትክክለኛ ፊርማ ጠይቀዋል። «ትክክለኛ» የሚለው ነው ችግሩ። ያልተመዘገበ ሰው ከፈረመ ይወድቃል። ሁለት ጊዜ የፈረመም እንዲሁ። አሰባሳቢዎቹ ይህንን ስለሚያውቁ ከሚፈለገው እጅግ አብልጠው ነው የሚሰበስቡት። በዚያ ላይ ብዙ ስቴቶች ፊርማው ከአንድ ከተማ ብቻ እንዲመጣ አይፈልጉም። ኔቫዳ ውስጥ ላስ ቬጋስ ብቻ ተቀምጦ መጨረስ አይቻልም፤ በአራቱም የኮንግረስ ወረዳዎች መሙላት አለበት።

ተራ ሕግ ማውጣት እያለ ለምን ሕገ መንግሥት ውስጥ ይገባል?

አሳማዋን እዚህ እናምጣት። በ2002 የፍሎሪዳ መራጮች እርጉዝ አሳማ መዞር እንኳ በማያስችል ጠባብ በረት ውስጥ እንዳትቆለፍ የሚከለክል ማሻሻያ ወደ 55 በመቶ በሚሆን ድምፅ አጸደቁ። ከእምነት ነፃነትና ከዳኝነት ሥልጣን ጋር አንድ ሰነድ ውስጥ ገባች ማለት ነው። ብዙ ሰው ስቆበታል። ምክንያቱ ግን ሞኝነት አልነበረም። የፍሎሪዳ ዜጎች ፊርማ አሰባስበው ተራ ሕግ ማውጣት አይፈቀድላቸውም። የተከፈተላቸው በር የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቁም ትንሹም ጉዳይ በዚያው በር ይገባል።

ሌላው ምክንያት መቆለፍ ነው። ተራ ሕግ ሲሆን በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣ ምክር ቤት ሊሽረው ይችላል። ሕገ መንግሥት ውስጥ የገባን ግን መራጩን ሳይጠይቅ አይነካውም። በደንብ የሚታየው ኮሎራዶ ላይ ነው።

በ1992 የኮሎራዶ መራጮች ፈረንጆቹ ባጭሩ «ታቦር» የሚሉትን ማሻሻያ አጸደቁ። የግብር ከፋዮች የመብት ድንጋጌ እንደማለት ነው። ሁለት ነገር አሰረ። አንደኛ፣ የስቴቱ ምክር ቤት መራጩን ሳይጠይቅ የግብር መጠን አይጨምርም። ሁለተኛ፣ የስቴቱ ገቢ በዋጋ ንረትና በሕዝብ ብዛት ዕድገት ከተሰላው ጣሪያ ካለፈ ትርፉ ለሕዝቡ ይመለሳል። በ2022 ዴንቨርና ኦሮራ ያሉ የእኛ ሰዎች የፖስታ ሳጥናቸውን ሲከፍቱ የ750 ዶላር ቼክ ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። አብረው ግብር ያሳወቁ ባልና ሚስት 1,500 ደርሷቸዋል። «መንግሥት ምን ነካው?» ያለ ብዙ ነበር። ምንም አልነካውም። የሠላሳ ዓመት የሕገ መንግሥት ቃል ነው ያስገደደው።

ይኸው ማሻሻያ ወረቀቱ ላይም ዱካውን ትቷል። ኮሎራዶ ውስጥ የስቴት ግብር የሚጨምር ጥያቄ ሲቀርብ ጥያቄው «የስቴቱ ግብር በዓመት በዚህን ያህል ዶላር ይጨመር?» ብሎ መጀመር አለበት፤ ያውም በትልልቁ ፊደል። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። መንገድ ይሁን ትምህርት ቤት፣ አንባቢው መጀመሪያ የሚያየው «ግብር» የሚለውን ነው። ደጋፊዎቹ «ሐቁን ፊት ለፊት ማስቀመጥ ነው» ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ «መንግሥትን እጅ ተወርች ያሰረ ነው» ይላሉ። ክርክሩ ከ1992 ጀምሮ አልበረደም። ካሊፎርኒያም በ1978 የቤት ግብርን የገደበ ተመሳሳይ ማሻሻያ አላት፤ እሱም እስካሁን ይሠራል።

መቆለፉ ሌላም ገጽ አለው። ስሕተት ቢሆንም ይቆለፋል። ለማረም እንደገና ለመራጭ መሄድ ግድ ነው።

ስንት ድምፅ ሲያገኝ ያልፋል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ከግማሽ በላይ ካገኘ አለፈ» የሚለው በብዙ ስቴት ልክ ነው፤ በሁሉም ግን አይደለም።

በ2024 ፍሎሪዳና ሚዙሪ በአንድ ቀን ስለ ፅንስ ማቋረጥ መብት ድምፅ ሰጡ። ሚዙሪ ውስጥ «አዎ» ያለው ከ52 በመቶ ያነሰ ነበር፤ አለፈ። ፍሎሪዳ ውስጥ 57 በመቶ «አዎ» አለ፤ ወደቀ። ፍሎሪዳ 60 በመቶ ትጠይቃለች። የ60 በመቶውን ደንብ ራሱን መራጩ ያጸደቀው በ2006 ሲሆን ያገኘው ድምፅ 58 በመቶ ገደማ ነበር። በራሱ ሚዛን ቢመዘን አያልፍም ነበር።

ኮሎራዶ ከ2016 ወዲህ 55 በመቶ ትፈልጋለች። ይህ ግን አዲስ ነገር ለመጨመር ነው። ከሕገ መንግሥቱ ውስጥ ያለውን ለማውጣት ብቻ ከሆነ ከግማሽ በላይ ይበቃል።

ሚኒሶታ ደግሞ ለየት ትላለች። የሚቆጠረው ጥያቄውን ከመለሱት ብቻ ሳይሆን ምርጫው ላይ ከተሳተፉት ሁሉ ነው። ጥያቄውን ባዶ ትቶ ያለፈ ሰው እንደ «አይ» ይቆጠራል። ሚኒያፖሊስ ያለ ሰው «እኔ አላውቀውም፣ ገለልተኛ ልሁን» ብሎ ከዘለለው ገለልተኛ አልሆነም፤ ተቃውሟል። ይህ ደንብ ከ1898 ጀምሮ ያለ ነው።

ከሁሉም ትዕግሥት የምትጠይቀው ኔቫዳ ናት። ዜጎች በፊርማ ያመጡት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በሁለት ተከታታይ ጠቅላላ ምርጫዎች ማለፍ አለበት። አንድ ጊዜ «አዎ» ማለት ገና ግማሽ መንገድ ነው። በ2022 የምርጫ አሠራሩን የሚለውጥ አንድ ጥያቄ ቀረበ፤ መራጩ ለአንድ ቦታ የሚወዳደሩትን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ በምርጫው ቅደም ተከተል የሚደረድርበት ዘዴ ነው። ወደ 53 በመቶ ደገፈው። በ2024 ያው ጥያቄ እንደገና መጣ። አሁን ደግሞ ወደ 53 በመቶ ተቃወመው። የመጀመሪያው ድምፅ እንዳልነበረ ሆነ። በዚያው በ2024 ፅንስ ማቋረጥን የተመለከተው ቁጥር 6 ወደ 64 በመቶ፣ መራጭ መታወቂያ ያሳይ የሚለው ቁጥር 7 ደግሞ ወደ 73 በመቶ ድጋፍ አግኝተዋል። ሁለቱም ሕገ መንግሥት ውስጥ አልገቡም። ሁለተኛው ዙር የ2026 ኖቬምበር ነው። «ባለፈው ድምፅ ሰጥቼበት የለ እንዴ?» የሚል የቬጋስ ሰው ካለ መልሱ ይኸው ነው።

የማለፊያውን ነጥብ ከፍ ዝቅ ማድረግ ራሱ የፖለቲካ ትግል ነው። ኦሃዮ በኦገስት 2023 ብቻውን በተጠራ ምርጫ ነጥቡን ወደ 60 በመቶ ለማሳደግ ሞክራ ነበር። መራጩ 57 በመቶ በሚሆን ድምፅ አልቀበልም አለ። ከሦስት ወር በኋላ ፅንስ ማቋረጥን የሚመለከት ማሻሻያ መጣና በ57 በመቶ ገደማ አለፈ። የኦገስቱ አልፎ ቢሆን ኖሮ የኖቬምበሩ ይወድቅ ነበር። ሁለቱ ምርጫዎች ለምን ተጠጋግተው እንደተደረጉ ከዚህ መገመት አይከብድም።

«አዎ» ስል ምን ማለቴ ነው?

መሠረቱ ቀላል ነው። «አዎ» ማለት ሕገ መንግሥቱ ይለወጥ፤ «አይ» ማለት እንዳለ ይቆይ። የሚያምታታው ለውጡ ራሱ ክልከላ ሲሆን ነው። ካሊፎርኒያ በ2008 ባቀረበችው ቁጥር 8 ላይ «አዎ» ማለት የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ይከልከል ማለት ነበር። «አይ» ያለ ደግሞ ይፈቀድ ማለቱ ነው። ስለ ጉዳዩ ያለዎት አቋም ምንም ይሁን፣ ስሜትን ተከትሎ ክቡን ማጥቆር የራስን ድምፅ በራስ ላይ ሊያዞር ይችላል።

ሁለተኛው ጣጣ የሚነበበው ማሻሻያው ራሱ አለመሆኑ ነው። ሙሉው ማሻሻያ ብዙ ገጽ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ማጠቃለያ ነው። ማጠቃለያውን የሚጽፈው እንደየስቴቱ የመንግሥት ባለሥልጣን ወይም ቦርድ ነው፤ እሱም የራሱ ወገን ሊኖረው ይችላል። በ2024 ኦሃዮ ውስጥ የምርጫ ክልል ካርታ መሣልን ከፖለቲከኞች ወስዶ ለ15 ዜጎች ኮሚሽን የሚሰጥ ማሻሻያ ቀረበ። አቅራቢዎቹ ዓላማው የምርጫ ክልልን መስመር ለአንድ ፓርቲ እንዲያደላ አድርጎ መሣልን ማስቆም ነው አሉ። የስቴቱ የምርጫ ጥያቄ ቦርድ ወረቀቱ ላይ ያሳተመው ማጠቃለያ ደግሞ ኮሚሽኑ ልክ ይህንኑ አድልዎ እንዲሠራ ይገደዳል የሚል ነበር። ነገሩ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኞቹ አራት ለሦስት ተከፍለው አብዛኛውን ጽሑፍ አሳለፉት። ማሻሻያው 54 በመቶ ገደማ «አይ» ተብሎ ወደቀ።

አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን የሚያሳይ ሌላም አለ። በዚያው ዓመት ኔቫዳና ካሊፎርኒያ የእስረኛን የግዳጅ ሥራ የሚፈቅድ አንቀጽ ከሕገ መንግሥታቸው ለማውጣት ጠየቁ። የኔቫዳው ጥያቄ «ባርነት» የሚለውን ቃል በግልጽ ይዟል። የካሊፎርኒያው ርዕስ «ያለፈቃድ አገልጋይነት» አለ እንጂ «ባርነት» አላለም። ኔቫዳ ውስጥ ወደ 61 በመቶ ደገፈ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ53 በመቶ በላይ ተቃወመ። ውጤቱን የለየው ቃሉ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ግን ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድ ጉዳይ ናቸው ብሎ ለመገመት ይቸገራል።

የሚያስጎመጅ ነገር ከፊት አስቀድሞ ዋናውን ከኋላ ማስከተልም የተለመደ ነው። ሚዙሪ በ2024 ያቀረበችው ቁጥር 7 የሚጀምረው ድምፅ መስጠት የሚችሉት ዜጎች ብቻ እንዲሆኑ በማለት ነው። ይህ ቀድሞም ሕግ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ግን ተወዳዳሪዎችን በቅደም ተከተል የመደርደሩን የምርጫ ዘዴ መከልከል ተያይዟል። አዲሱ ነገር እሱ ነው። ወደ 68 በመቶ ድምፅ አግኝቶ አልፏል።

መፍትሔው የፖስታ ሳጥናችን ውስጥ ነው ያለው፤ ብዙዎቻችን ከማስታወቂያ ጋር እየጣልነው ነው እንጂ። ኮሎራዶ ከምርጫው በፊት ፈረንጆቹ «ብሉ ቡክ» የሚሉትን መጽሐፍ ለመራጭ ቤት ትልካለች። ካሊፎርኒያም የመራጮች መመሪያ አላት፤ ኔቫዳም ከናሙና ወረቀቱ ጋር ማብራሪያ ታወጣለች። እያንዳንዱ ጥያቄ ምን እንደሚለውጥ፣ ደጋፊና ተቃዋሚ ምን እንደሚሉ፣ ለስቴቱ ስንት እንደሚያስወጣ ተጽፎበታል። ቴሌቪዥን ላይ ከሚሮጠው ማስታወቂያ ይልቅ ይህ ይሻላል።

ካለፈ በኋላ ማን ሊነካው ይችላል?

ፍርድ ቤት ይችላል። ሚሲሲፒ በኖቬምበር 2020 ማሪዋና ለሕክምና እንዲፈቀድ በሰፊ ድምፅ አጸደቀች። የስቴቱ ሕገ መንግሥት ግን ከሚፈለገው ፊርማ ከአንድ አምስተኛው በላይ ከአንድ የኮንግረስ ወረዳ ሊመጣ አይችልም ይላል። ሲጻፍ ስቴቷ አምስት ወረዳ ነበራት። ከ2000 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ አራት ሆኑ። ከአራት ወረዳ አምስት አምስተኛ ማምጣት በሒሳብ አይሆንም። በሜይ 2021 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ማሻሻያውን ሻረው። የተሻረው እሱ ብቻ አልነበረም፤ በፊርማ ማሻሻያ ማምጣት የሚባለው መንገድ ራሱ አብሮ ተዘጋ። አንድ ቁጥር ባለመታረሙ ማለት ነው።

ከስቴቱ በላይ ደግሞ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አለ። የካሊፎርኒያው ቁጥር 8 ወደ 52 በመቶ ድምፅ አግኝቶ አልፎ ነበር። የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው፣ ከ2013 ጀምሮም መሥራቱን አቆመ። ቃሉ ግን የስቴቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ እንዳለ ቀረ። ለመፋቅ እንደገና መራጭ ያስፈልግ ስለነበር በ2024 ሌላ ማሻሻያ ቀርቦ ነው የወጣው።

ምክር ቤቱም መንገድ አያጣም። መሻር ባይችልም ማስፈጸሚያ ሕግ ያወጣል። ፍሎሪዳ በ2018 የከባድ ወንጀል ቅጣታቸውን ለጨረሱ ሰዎች፣ ከነፍስ ግድያና ከወሲብ ወንጀል በስተቀር፣ የመምረጥ መብት የሚመልስ ማሻሻያ ወደ 65 በመቶ በሚሆን ድምፅ አጸደቀች። 1.4 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎችን እንደሚመለከት ይነገር ነበር። በ2019 ምክር ቤቱ «ቅጣታቸውን ጨረሱ» የሚባለው ፍርድ ቤት የጣለባቸውን መቀጮና ክፍያም ሲጨርሱ ነው የሚል ሕግ አወጣ። የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2020 ሕጉን አጸናው። ዕዳ ያለበት ሰው ከደጅ ቀረ።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ድምፅ መስጠት ይችላል?

አይችልም። ይህ ቀልድ የለውም። ዜጋ ያልሆነ ሰው የፌዴራል ተመራጮች ያሉበት ወረቀት ላይ ድምፅ ከሰጠ ወንጀል ነው፤ ከአገር ሊያስባርርም ይችላል። የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ወረቀት ላይ ናቸው። አደጋው የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ዲኤምቪ ነው። መንጃ ፈቃድ ሲወጣ ወይም ሲታደስ ቅጹ ላይ «ለመምረጥ መመዝገብ ይፈልጋሉ?» የሚል አለ። ሳያነቡ «አዎ» ማለት በኋላ የዜግነት ማመልከቻን ያበላሻል። ለማሻሻያ ፊርማ የሚያሰባስብ ሰው ሲያቆምም እንዲሁ ነው፤ የሚፈርመው የተመዘገበ መራጭ ነው። «አመሰግናለሁ፣ መራጭ አይደለሁም» ብሎ ማለፍ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክን የመሰሉ ከተሞች ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ እንዲሳተፍ ይፈቅዳሉ። እሱ የከተማ ብቻ ነው፤ የስቴቱን ሕገ መንግሥት አይጨምርም። ዲሲ ደግሞ ስቴት ስላልሆነች የስቴት ሕገ መንግሥት ማሻሻያ እዚያ አይቀርብም።

ዜጋ ሆኖ እንግሊዝኛው ለሚከብደው ሰው መፍትሔ አለ። የፌዴራሉ የመምረጥ መብት ሕግ ማየት የማይችል፣ የአካል ጉዳት ያለበት ወይም ማንበብ የሚቸግረው መራጭ የመረጠውን ሰው ይዞ ገብቶ እንዲታገዝ ይፈቅዳል። እንግሊዝኛ ማንበብ አለመቻልም በዚህ ይካተታል። ልጅ፣ ጎረቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። የማይፈቀደው አሠሪ ወይም የአሠሪው ወኪል፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ነው። አጋዡ ያነባል፣ ይተረጉማል፣ የተባለውን ያጠቁራል። ሐሳቡ ግን የመራጩ ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ ነገርም አለ፤ ሚኒሶታ የመራጭ መመዝገቢያ ቅጹን በአማርኛ አውጥታለች።

በፖስታ ለሚመርጥ ሰው ደግሞ አንድ ነገር፤ በብዙ ስቴቶች ፖስታው ላይ ያለው ፊርማ መዝገብ ላይ ካለው ጋር ይነጻጸራል። መንጃ ፈቃድ ላይ በአማርኛ የፈረመ ሰው ፖስታው ላይ በእንግሊዝኛ ከፈረመ ላይገጥም ይችላል። እንዲህ ሲሆን የምርጫ ቢሮው በደብዳቤ ወይም በስልክ ያሳውቃል፣ ለማስተካከልም ጥቂት ቀን ይሰጣል። በቀኑ ካልተስተካከለ ወረቀቱ ፊቱም ጀርባውም ሳይቆጠር ይቀራል።